አመመኝ የማይባልበት ሜዳ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሽፈራውን የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ ማለዳ መነሳት የማይወድ ሰው ነው። ገና ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ውርጩ ሜዳውን አንጥቶት ሳለ፣ ፊሽካው ይነፋል። ከፊሽካው ቀጥሎ ድምፁ ይመጣል። "የሚሮጠው እግር አይደለም፣ ጭንቅላት ነው! ጭንቅላትህ ካልቆመ እግርህ አይቆምም!" የሜዳው አካባቢ እናቶች ልጆቻቸውን ለትምህርት ቤት የሚቀሰቅሱት በሱ ጩኸት ነው ይባላል። ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ስቦ የሚረግመውም አይጠፋም።

ቀጭን፣ ረዥም፣ አርባ ሰባት ዓመት ያለፈው፣ ግን ከኋላው ሲያዩት ጎረምሳ የሚመስል ሰው ነው። ቀን በአንድ ፋብሪካ መጋዘን ይሠራል። ማለዳና አመሻሽ ግን ንጋት ኮከብ የሚባለው የከተማው ቡድን አሰልጣኝ ነው። ንጋት ኮከብ ስሙ ነው ትልቅ እንጂ ቡድኑስ ትንሽ ነው፤ ተጫዋቾቹ ተከራይተው በአንድ ግቢ የሚኖሩ፣ ማሊያቸውን ራሳቸው የሚያጥቡ ልጆች ናቸው። ሽፈራው ግን የሚያሰለጥናቸው ነገ ጠዋት የዓለም ዋንጫ እንዳለባቸው አድርጎ ነው።

ይህ ጠባይ ከየት መጣ ለሚል፣ ነገሩ የቆየ ነው። ሽፈራው ተወልዶ ያደገው አንኮበር ሲሆን፣ በወጣትነቱ ለአንድ የፋብሪካ ቡድን በግራ ክንፍ ይጫወት ነበር። አንድ ቀን ለዋንጫ በሚደረግ ግጥሚያ ላይ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው "ደከመኝ" ብሎ እጁን አንስቶ ወጣ። በሱ ቦታ የገባው ልጅ ገና ሳይሟሟቅ በዚያው በግራ በኩል ጎል ገባባቸው፤ ዋንጫውም ሄደ። ማንም አልወቀሰውም፤ እሱ ግን ራሱን ወቀሰ። እንግዲህ ያን ዕለት የተናገራትን አንዲት ቃል፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ ሃያ ሁለት ልጆች አፍ ላይ ሊቀብራት ተነሳ።

ንጋት ኮከብ ሜዳ ላይ ሦስት ቃላት ክልክል ናቸው፤ ደከመኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ። ከሦስቱ አንዱን የተናገረ ሌሎቹ ሩጫቸውን ጨርሰው ሲቀመጡ ለብቻው ሦስት ዙር ይጨምራል። ልጆቹ በየጥጉ "ሞትኩ ማለት ግን አልተከለከለም" እያሉ ይሳሳቃሉ። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ከአንድ የእህል ነጋዴ በተዋሰው ሚዛን ላይ አንድ በአንድ ያቆማቸዋል፤ ከአንድ ኪሎ በላይ የጨመረ እሑድ ተቀምጦ ያያል። ይህ ሁሉ ያስጠላል ቢባልም ያሸንፍ ነበር። እነዋሪ ወርደው ሁለት ለዜሮ እየተመሩ ቆይተው፣ የባለሜዳው ልጆች ሩብ ሰዓት ሲቀር ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ፣ የሽፈራው ልጆች ገና እንደጀመረ ሰው እየሮጡ ሦስት አግብተው ተመልሰዋል። ያሸነፈ አሰልጣኝን ደግሞ ጠባይህን አስተካክል የሚለው የለም።

ከሃያ ሁለቱ ሁሉ ሽፈራው አብልጦ የሚወደው አብዱልጀሊልን ነበር። አብዱልጀሊል ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ አገሩ ከአንኮበር ቁልቁል የሚወረድበት ቆላው፣ አልዩ አምባ አጠገብ ነው። አባቱ ያዕቁብ ሽንኩርትና ማሽላ የሚነግዱ የተከበሩ ሰው ናቸው። ልጁ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ሲመጣ ብርዱ ከንፈሩን ሰነጣጥቆት፣ ሁለት ካልሲ ደርቦ ይጫወት ነበር። ጓደኞቹ "ቆለኛው" አሉት፤ ስሙ ሆኖ ቀረ። ግን አንድም ቀን በረደኝ አላለም። ረመዳን ሲገባ ውሃ ሳይቀምስ ከፊት ይሮጣል። ሽፈራው እሱን እያሳየ "ጭንቅላት ማለት ይህ ነው!" ይላል። ልጁ ሲመሰገን አንገቱን ይደፋል።

ጥቅምት ላይ የአብዱልጀሊል እህት የሌይላ ኒካህ ደረሰ። አምስት ቀን ፈቃድ ጠየቀ፤ ሽፈራው ሦስት ሰጠው። ወርዶ፣ እህቱን ድሮ፣ ከሰርገኛው ጋር ደጅ አድሮ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ነበር። ኅዳር ከገባ በኋላ ግን አንድ ቀን ለልምምድ ሲወጣ በማሊያው ላይ ጃኬት ደርቦ መጣ። ሌሎቹ ሲሟሟቁ እሱ ወደ ሽፈራው ጠጋ አለና ማንም በማይሰማው ድምፅ ተናገረ።

"ኮች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዛሬ አሞኛል።"

"ምን አልክ?" አለ ሽፈራው። አለመስማቱ አልነበረም፤ ቃሉን መልሶ እንዲውጥ ዕድል እየሰጠው ነበር።

"አሞኛል። ራሴን፤ ጎኔንም።" ጥርሱ ይንገጫገጫል። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል።

ሽፈራው አየውና ሳቀ። "ቆለኛ! ሁለት ዓመት ሙሉ ብርዱን አልለመድከውም? በረደኝ ለማለት አፍረህ አሞኛል አልክ! ሩጥ፣ ይሞቅሃል። የቃሉን ሦስት ዙር ከሌሎቹ በኋላ ትጨምራለህ።"

"እሺ ኮች።"

እዚህ ላይ ለሰውየው ማዘን ሳይሆን እሱን መቆጣት ይገባል። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ቢሆን ይሁን ይባል ነበር፤ ደጋ ላይ ሲንቀጠቀጥ ያየውን ሁሉ በረደው ቢል አይፈረድበትም። ሽፈራው ግን የአንኮበር ልጅ ነው። አንኮበር ላይ ወደ ቆላ ገበያ የወረደ ሰው እዚያ ሳያድር እንዲመለስ ይመከራል፤ ካደረም፣ ተመልሶ ሲንቀጠቀጥ ከታየ፣ ሕፃን ልጅ እንኳ "ወባ ናት" ይላል። የራሱ እናት አባቱን ስንት ጊዜ እንዲያ ብላ አስተኝታለች። ያን ሁሉ ዕውቀት ያን ማለዳ የት እንደጣለው እሱም አያውቅም።

ሌሎቹ ስምንት ዙር ሮጠው ተቀመጡ። አብዱልጀሊል ስምንቱን ሮጦ የቅጣቱን ጀመረ። ዘጠነኛውን ጨረሰ። በአስረኛው ከወዲያኛው ጎል ኋላ ሲደርስ የግራ ጎኑን ከጎድኑ በታች በሁለት እጁ ያዘና ተንበረከከ፤ ከዚያም በግንባሩ ተደፋ። ሽፈራው "ተነሳ!" አለ። ደግሞ "ተነሳ!" አለ። ግብ ጠባቂው ብሩክ ሮጦ ደርሶ ሲያዞረው የልጁ ፊት አመድ መስሎ ነበር። ሽፈራው ዘግይቶ ደርሶ ግንባሩን ቢነካው አቃጠለው።

ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ፋና የምትባል ወጣት ሐኪም ተቀበለቻቸው። ብዙ ሳትቆይ ከውስጥ ወጣች። "ወባ ነው። ጣፊያው አብጦ ነበር፤ አሁን ተቀዷል፤ ሆዱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው። ቀዶ ጥገና እናስገባዋለን" አለች። ልትመለስ ስትል ቆም ብላ ዞረች። "እንዲህ ትኩሳት እየነደደው እንዴት ሮጠ? አሞኛል ብሎ ለማንም አልተናገረም?"

የቡድኑ ሊቀመንበር አቶ ዘርአ ዳዊት በዚያው ሰዓት ደርሰው ከሽፈራው ጎን ቆመው ነበር። እሳቸውም ዞረው አዩት።

"ለኔ አልነገረኝም" አለ ሽፈራው።

ሁለት ቃል ናት። አስቦበት አልነበረም፤ እሳት የነካው እጅ እንደሚሸሽ ምላሱ ብቻዋን ሸሸች። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሐኪሟ ራሷን ነቅንቃ ገባች፤ ሊቀመንበሩም "የዘንድሮ ልጆች!" ብለው ተነፈሱ።

ልጁ ተረፈ። ጣፊያው ግን ወጣ። በሦስተኛው ቀን አቶ ዘርአ ዳዊት ለቡድኑ ሪፖርት የሚጽፉት ነገር ስለሚያስፈልጋቸው አልጋው ዘንድ መጡ። ከታች ከአልዩ አምባ የመጡት አባቱ ያዕቁብ በራስጌው፣ ሽፈራው በግርጌው ቆመዋል።

"ልጄ፣ መታመምህን ለአሰልጣኝህ ነግረኸው ነበር?"

አብዱልጀሊል ቀና ብሎ ሽፈራውን አየው። ሽፈራው የሚንጠባጠበውን ጉሉኮስ ማየት ጀመረ።

"አልነገርኳቸውም። ይሻለኛል ብዬ ነው።"

ያዕቁብ ልጃቸው እንዲህ ያለ ጅል ነው ብለው ማመን አቃታቸው። "ወላሂ በል" አሉት።

"ወላሂ" አለ ልጁ፤ ዓይኑንም ጨፈነ።

ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ ዶክተር ፋና ለአባትየው በዝርዝር አስረዳቻቸው። ቢያንስ ለአንድ ዓመት ኳስ አይነካም፤ ከዚያ በኋላ ይታያል። ለወራት ከባድ ነገር አያነሳም። ጣፊያ የሌለውን ሰው ወባ ከሌላው ይልቅ ስለምትጎዳው ሌሊት ካለ አጎበር አይተኛም፤ ትኩሳት ከተሰማው በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ቢቻል ወባ ካለበት ስፍራ ቢርቅ ይመረጣል። አባትየው "ቤታችን እኮ ቆላ ነው" አሉ። ሐኪሟ ምን ትበል? ቡድኑ የማይጫወትን ልጅ በግቢው አያኖርም፤ ስለዚህ አብዱልጀሊል ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ወደዚያችው ወደ ቆላው ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ሽፈራው እንቅልፍ ቢያጣ ምን ይገርማል? ሜዳ ላይ ይጮሃል፤ ግን አንድ ልጅ ሲያስነጥስ ይደነግጣል። መጋዘን ውስጥ የቆጠረውን ጥቅል መልሶ ይቆጥራል። ሚስቱ በላይነሽ አስተማሪ ናት፤ ዝም ያለ ተማሪ ምን እንዳጠፋ በዓይኑ ማወቅ የለመደች ሴት። "ልጁን ወርደህ ጠይቀው እንጂ" ትለዋለች። "ሥራ በዛብኝ" ይላል። አንድ ቀን ጥሩ አጎበር ገዝቶ በአንኮበር ሾፌር እጅ ላከ፤ ሕሊናውን በአጎበር ሊያስተኛት። ማታውን የልጁ እናት ሰሊሃ ደወሉ።

"ጀዛከላህ፣ አላህ ይስጥልን! አባት ነው የሆኑለት እኮ! እሱም ሁልጊዜ የሚያነሳው እርስዎን ነው።"

ሽፈራው ስልኩን ዘግቶ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። ታጥቦም ሲመለስ ፊቱ ያው ነበር።

ታኅሣሥ ላይ የንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ፣ ለአባ ገብረአማኑኤል ሁሉንም ነገራቸው። ለአርባ ቀን በቀን አርባ አንድ ስግደት አዘዙት። መቼም የለመደ አይለቅም፤ ሽፈራው ስግደቱን እንደ ልምምድ ሠራው። በሳምንቱ አርባ አንዱን ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ማየት ጀመረ፤ በሁለተኛው ሳምንት ስልሳ አደረሰው። ይህንኑ የመበርታት ምልክት መስሎት ሄዶ ቢነግራቸው አባ እንዲህ ሲሉ ጠየቁት።

"ልጄ፣ ስግደቱ ከብዶህ ነበር?"

"ኧረ ምንም አልከበደኝም አባ።"

"እንግዲያው የሚከብድህን እንፈልግ። የልጁን አባት ዓይን ዓይናቸውን አይተህ ታውቃለህ?"

ሽፈራው "ከጥምቀት በኋላ እወርዳለሁ" ብሎ ቃል ገባ። ጥምቀት አለፈ፤ አልወረደም። እሱ ባይወርድ ግን ነገሩ ራሱ ወጣ።

የጥር መጨረሻ እሑድ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ግድም በሩ ተንኳኳ። በላይነሽ ከፍታ "ሽፈራው፣ ቶሎ ና!" አለች። ሽፈራው ወጥቶ ቢያይ ያዕቁብ ነጭ ኮፊያቸውን አድርገው ቆመዋል። በግራ ቀኛቸው ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፤ አንዱ ከአልዩ አምባ፣ አንዱ ከአንኮበር። ከኋላቸው አብዱልጀሊል ወገቡን አጉብጦ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል።

በዚያ አገር በደለኛ ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ይቆማል፤ ሽማግሌ ይለምንለታል፤ ተበዳዩ ይቅር ብያለሁ ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ሽፈራው ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል። ተበዳይ ተብሎ የሚለመነው እሱ መሆኑን ለመረዳት ግን ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።

"ጋሽ ሽፈራው" አሉ ያዕቁብ፣ "ልጃችን በድሎዎታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሱ ግን ደብቆ ራሱን ጎዳ፤ የእርስዎንም ስም አስነሳ። ተጫዋችህን አልተቆጣጠርክም ተብለው ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈብዎት፣ ከአሰልጣኝነትዎም ሊያነሱዎት እንደሆነ ገበያ ላይ ሰማን። የሰው እንጀራ በኛ ልጅ ሲዘጋ ዝም ብለን መቀመጥ ነውር ሆነብን። ለአላህ ብለው፣ ለነዚህም ሽማግሌዎች ብለው ይቅር ይበሉት።"

"ግቡ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ግቡና ተቀመጡ" አለች በላይነሽ።

"እሺ ሳንባል አንቀመጥም" አሉ የአንኮበሩ ሽማግሌ።

"አውርደው!" አለ ሽፈራው። "አብዱልጀሊል፣ አውርደው! ሐኪሟ ከባድ ነገር አትሸከም ብላህ የለም?"

"ቃሉ ሳይወጣ ድንጋይ አይወርድም" አሉ የአልዩ አምባው ሽማግሌ። ልጁም አላወረደም። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል።

ሽፈራው የሚናገረው ሁለት ዓይነት ቃል ነበር። አንደኛው እውነቱ ነው፤ እሱ ረዥም ነው። ሌላው አጭር ነው። ልጁ እየተንቀጠቀጠ ሳለ አጭሩ ቀደመ።

"ይቅር ብያለሁ! ይቅር ብያለሁ፣ አውርደው!"

ድንጋዩ ዱብ አለ። "አልሐምዱሊላህ!" አሉ፤ "እግዚአብሔር ያክብርልን!" አሉ። ልጁ የሽፈራውን ጉልበት ሊስም ዝቅ ሲል ሽፈራው በትከሻው ይዞ አነሳው፤ ትከሻው አጥንት ብቻ ሆኖ ነበር። ሁሉም ገብተው ተቀመጡ። በላይነሽ ሻይና ዳቦ አቀረበች። ከመቅመሳቸው በፊት ያዕቁብ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ማድረግ ጀመሩ።

"አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።"

"አሚን" አሉ ሁሉም፤ ሽፈራውም አለ።

"ልጆችዎን ያሳድግልዎ።"

"አሚን።"

"ለሰው ልጅ እንዳዘኑለት፣ አላህ ለእርስዎ ይዘንልዎ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሽፈራው ሦስተኛውን አሚን ሊል አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣም። በላይነሽ አየችው። አብዱልጀሊልም አየው፤ ምን ሊመጣ እንደሆነ ከሁሉ በፊት የገባው እሱ ነው።

"ኮች!" አለ ልጁ፣ እንደመለመን።

"ነግሮኛል" አለ ሽፈራው። "ያን ዕለት ጠዋት መታመሙን ነግሮኝ ነበር። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ዋሸሁ። ልጁ የዋሸው እኔን ለማዳን ነው።"

ያዕቁብ የተዘረጉ እጆቻቸውን ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። አልጮኹም። ቢጮኹ ለሽፈራው በቀለለው ነበር።

"ምን ብሎ ነገረዎት?"

"አሞኛል አለኝ። ራሴን፣ ጎኔን አለኝ።"

"እርስዎስ?"

"ሩጥ፣ ይሞቅሃል አልኩት።"

"ስንት ዙር?"

"አስራ አንድ። አስረኛው ላይ ወደቀ።"

"እርስዎ የአንኮበር ሰው አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ።"

"ከኛ ዘንድ አድሮ የወጣ ሰው ሲንቀጠቀጥ ምን ሆኖ እንደሆነ የማያውቅ የአንኮበር ሰው አለ?"

"የለም" አለ ሽፈራው። የአንኮበሩ ሽማግሌ ወደ መሬት አዩ።

ያዕቁብ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "በአላህ ስም ምለህልኝ ነበር።"

"አባ፣ ከሥራ ያባርሯቸዋል ብዬ ነው። ልጆች አሏቸው።"

"እኔስ ልጅ የለኝም?" አሉ ያዕቁብ። ድምፃቸው የተሰበረው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ተነሱ፤ ሽማግሌዎቹም ተነሱ። ሻዩን የነካ የለም።

ሽፈራው ቀድሟቸው ወጣ። ደጅ የወደቀው ድንጋይ ዘንድ ሄዶ ጎንበስ ሲል ያዕቁብ ክንዱን ያዙት።

"ይተዉት። እኔ ድንጋይ የሚሸከምልኝ ሰው አልፈልግም። ውሸቱን የተናገሩት በዚሁ ከተማ፣ በሰው ፊት ነው። እዚያው ያንሱት። ከዚያ በኋላ ስለ ይቅርታ እንነጋገራለን።"

ሲወጡ አብዱልጀሊል ወደ ኋላ ቀረት አለ፤ የግራ ጎኑን በክርኑ ደግፎታል። ሽፈራው "ድንጋዩ ጎዳህ? ያምሃል?" አለው።

"ደህና ነኝ ኮች" አለ ልጁ ቶሎ ብሎ። ፊቱ ግን ደህና አልነበረም። ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ሽፈራው ወደ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገብቶ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። አቶ ዘርአ ዳዊት ተነስተው በሩን ዘጉ። "ሽፈራው፣ ልጁ ተርፏል። አባትየውም ሰምቷል። ዞኑ ውስጥ አንደኛ ነን፤ የቀሩን ሰባት ጨዋታዎች ናቸው። ዝም አይነቅዝም" አሉት።

"ሪፖርቱ ላይ ይታረም።"

"ውድድሩ ይለቅና እናርመዋለን።"

"ልጁ ሜዳ ላይ አሞኛል ሲል የከለከልኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ እርስዎ እኔን እየከለከሉኝ ነው" አለ ሽፈራው። አቶ ዘርአ ዳዊት ስልካቸውን አንስተው ሌላ ጉዳይ ጀመሩ። ሽፈራው አንድ ወረቀት ላይ ያደረገውን ሁሉ ጽፎ፣ ፈርሞ ጠረጴዛቸው ላይ ትቶት ወጣ። ቡድኑ አባረረኝ ብሎ ለሚስቱ ነገራት፤ ገና አላባረረውም ነበር፤ ግን እንደተባረረ ሰው ቀሎት ስለነበር ነው። ይህ ቅለት ለማግስቱ አልደረሰም።

ማክሰኞ ማለዳ ልጆቹ እንደ ወትሮው በውርጩ ላይ ተሰልፈው ጠበቁት። ፊሽካውን አልነፋም። እንዲቀመጡ አዘዛቸው፤ ተያዩ፤ ተቀመጡ። እሱ ቆሞ ነገራቸው። አብዱልጀሊል ምን እንዳለው፣ እሱ ምን እንደመለሰ፣ ሆስፒታል ምን ብሎ እንደዋሸ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሜዳው አልወጣም። "ልጁን የጎዳሁት እኔ ነኝ። ስለሦስቱ ቃላትም አጥፍቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የታመመ ይናገር" ብሎ ጨረሰ።

ይሰድቡኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። ተነስተው ቢሄዱም አይፈርድባቸውም። ቁራ ብቻ ከጎሉ ብረት ላይ ትጮሃለች። ሽፈራው ሊበትናቸው ሲል ግብ ጠባቂው ብሩክ የግራ እጁን ጓንት ማውለቅ ጀመረ። በጣም ቀስ ብሎ ነው ያወለቀው። ትንሿ ጣቱና ቀጣይዋ አብጠው፣ በጨርቅ ተጣብቀው ታስረዋል።

"ኮች፣ ከመስከረም ጀምሮ ነው" አለ። "ትንሿ ተሰብራ መሰለኝ።"

"አምስት ወር?" አለ ሽፈራው።

"እንዳይታይ ጓንቱን ቤት ውስጥ ነው የማጠልቀው።"

ከብሩክ ቀጥሎ የመሐል ተከላካዩ ጉልበቱ ውሃ እንደያዘ ተናገረ። አንዱ ሚዛኑን በመፍራት ቅዳሜና እሑድ እህል እንደማይቀምስ፣ ሰኞ ጠዋት ሲሮጥ ዓይኑ እንደሚጨልምበት ተናገረ። አንዱ ደም እንደሚያስለው ነገረውና ወዲያው "ትንሽ ነው ግን" ብሎ ጨመረ። ፋሲካ የሚባለው አጥቂ፣ በየጨዋታው ከሁሉ በላይ የሚሮጠው፣ ደረቱን እየወጋው መሆኑን ሲናገር እንደ ሌባ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እያንዳንዱ ከመናገሩ በፊት ወደ ሽፈራው ፊት እያየ፣ ሦስቱን ዙር ትሮጣለህ ይለኝ ይሆን የሚል ይመስላል። ሽፈራው ማስታወሻውን አውጥቶ ስማቸውን መጻፍ ጀመረ። በዞኑ ውስጥ እንደነሱ የበረታ የለም እያለ በየሄደበት የተኩራራባቸው ልጆች ናቸው።

አስራ አምስቱ ተናገሩ። በላይነሽ ወደምታውቀው ክሊኒክ እንዲሄዱ አደረገና፣ ሁለት ሁለት ሆነው እየተደጋገፉ ከሜዳው ሲወጡ ቆሞ አያቸው። ስድስት ቀሩ። ስድስቱም ቀጥ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ እሱ አድርገው ተቀምጠዋል።

"እናንተስ?" አላቸው።

"ደህና ነን ኮች" አሉ፣ ስድስቱም በአንድ ድምፅ።

ሽፈራው አንድ በአንድ አያቸው። ደህና ስለሆኑ ይሁን ወይም አሁንም ስለሚፈሩት፣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።